47 ክሮሞዞም ያለኝ ጤነኛ ሰው

ይህን የምጽፈው የዘረመል ምርመራ ውጤት ተቀብሎ «ማርከር ክሮሞዞም» የሚል ቃል ላየ ሰው ነው። ውጤቱ የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። የባለቤታችሁ ወይም ገና በሆድ ያለ ልጃችሁም ሊሆን ይችላል። እኔም ያንን ወረቀት ይዤ ዞሬአለሁ። ወረቀቱ የነገረኝ ግማሹን ብቻ ነበር። የቀረውን ግማሽ ያገኘሁት ጠይቄ፣ ተከራክሬና አባቴን አስቸግሬ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጠግናለሁ። የተወለድኩት ሐይቅ አካባቢ፣ ተሁለደሬ ነው። ከጉንፋንና ከጥርስ ሕመም በቀር ሐኪም ቤት የሚያስኬደኝ ነገር አልነበረም። ትምህርትም አልከበደኝም፣ ጉልበቴም ደህና ነው። ግን ሰው በየሴሉ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመሉን የያዘ ክር ሲኖረው እኔ 47 አለኝ፤ ትርፉ ማርከር የሚሉት ትንሽ ቁራጭ ነው። ይህን ያወቅሁት ልጅ ስለዘገየብን ነው።

ልጅ ሲዘገይ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሚስት ላይ ነው። እኛም ጋ ያው ነው። እናቴ ዱበርቲዎችን ሰብስባ ዱዓ አስደረገች። ቡናው ተፈላ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ሁሉም ባለቤቴን መረቁ። እኔን የመረቀኝ ሰው የለም! የባለቤቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ አማቴም በፊናቸው ጸበል ይዘው መጡ። ወሎ ነውና ሁለቱም አብሮ ሄደ፣ ማንም አልገረመው። ሐኪም ቤት ስንሄድም ነገሩ ያው ሆነ። ሆርሞን፣ አልትራሳውንድ፣ የማህፀን ቱቦ በራጅ፣ ሁሉም ለእሷ ታዘዘ። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። የእኔ የዘር ፈሳሽ ምርመራ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ ደግሞ እሱ ነው። መርፌ የለው፣ ማደንዘዣ የለው። ወንድሞቼ፣ ይህን ነገር ከሚስቶቻችሁ እኩል ጀምሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ለስፐርም (ለወንድ ዘር ሴል) ብዛት ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። የእኔ ከ5 ሚሊዮን በታች ሆነ። ቁጥሩ እንዲህ ሲወርድ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የክሮሞዞም ቆጠራ ያዛሉ። ካርዮታይፕ ይሉታል። እኔም ታዘዘልኝ።

ስለ ናሙናው ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። ለስኳር ወይም ለጉበት ምርመራ በሚወሰድ ደም ላብራቶሪው ሴል ማሳደግ አያስፈልገውም። ለክሮሞዞም ግን ሴሎቹ በሕይወት መድረስ አለባቸው። ላብራቶሪው አሳድጎ እንዲባዙ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ደሙ የሚቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ናሙና ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ተቀዳ። ያኛው ለተራ የደም ቆጠራ የሚውለው ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ አንቀበልም ተባለ። ማን እንደቀዳው አልናገርም፤ ያልለመዱት ምርመራ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። እናንተ ግን ክንዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ቱቦውን እዩና ጠይቁ። ደሙ በረዶ መሆን የለበትም፣ ፀሐይ ላይም መቀመጥ የለበትም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ላይ ተጭኖ፣ ቅዳሜና እሁድ አድሮ የሚሄድ ደም ተስፋ የለውም። ከተቻለ ራሳችሁ ሂዱና በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እዚያው ተቀዱ። እኔ ሁለተኛውን እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚደረገውን አንድ ባለሙያ በትዕግሥት አስረዳኝ። ነጭ የደም ሴሎቹ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ3 ቀን ያህል ያድጋሉ። እንዲባዙ የሚቀሰቅሳቸው ከቦሎቄ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። ይሄ በጣም ነው የገረመኝ፤ ቦሎቄ የበላሁት ለስንት ዓመት ነው! ከዚያ ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል በመድኃኒት ያስቆሙታል። ክሮሞዞሞቹ አጥረውና ወፍረው በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ጊምሳ በተባለው ቀለም ነው። ቆላ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ወባ የሚታይበት ያው ቀለም ነው። በተለምዶ 20 ሴሎች ይቆጠራሉ። እኔ ላይ በተቆጠሩት ሁሉ 46ቱ ሙሉ ሆነው አንድ ትንሽ ቁራጭ በጎን ተገኘ።

ውጤቱ የተነገረን በስልክ ነው። የደወለው ሰው ያገኘው ባለቤቴን ነው። «ባለቤትሽ ትርፍ ክሮሞዞም ተገኝቶበታል፤ ልጅ ቢወለድም ችግር ሊኖርበት ይችላል» ብሎ ዘጋ። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ። ቤት ስገባ እንጀራው ቀርቧል፤ ባለቤቴ ግን ትክ ብላ ታየኛለች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ከተነገረም ለተመረመረው ሰው እንጂ ለሌላ አይነገርም። እሷም እኔም የመጣብን ሐሳብ አንድ ነበር። 47 ሲባል የሰማነው ስለ ዳውን ሲንድረም ብቻ ነው።

ልዩነቱን የነገሩን አዲስ አበባ ያገኘናቸው ሐኪም ናቸው። በዳውን ሲንድረም ትርፍ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው 21ኛ ክሮሞዞም ነው። በውስጡ ብዙ ጂን፣ ማለትም ለሰውነት ሥራ ትእዛዝ የሚሰጥ የዘረመል ክፍል አለ። ማርከር ግን ትንሽ ቁራጭ ነው። በተለመደው ቀለም ብቻ ሲታይ ከየትኛው ክሮሞዞም እንደመጣና ምን እንደያዘ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ እንዲህ አሉ፦ «ቤትህ አንድ ትርፍ ጆንያ ተገኘ ብለውሃል። እህል ይኑርበት ገለባ ገና አልተፈታም።» ገለባ ከሆነ ማንንም አይጎዳም።

ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በተሰበሰበው ጥናት መሠረት ከ2,300 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይገኛል። በዚህ ስሌት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት ሀገራችን ከ40 ሺህ በላይ ተሸካሚ አለ ማለት ነው። ልጅ አልወለድ ብሏቸው በሚመረመሩ ሰዎች ላይ ከፍ ይልና ከ800 አንድ ያህል ይሆናል። ከተሸካሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ምንም ምልክት የሌላቸው ጤነኞች ናቸው። አብዛኛው ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። ማን ይቆጥርለታል?

ብዙዎቹ ማርከሮች የሚመጡት ከ13፣ 14፣ 15፣ 21 ወይም 22ኛው ክሮሞዞም ነው። የእነዚህ አምስቱ አጭር ክንድ፣ ማለትም ከክሮሞዞሙ ወገብ በላይ ያለው አጭሩ ክፍል፣ ቢጨምርም ቢቀንስም ጉዳት የለውም። ተደጋጋሚ ነገር ነው የያዘው። ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ከ15ኛው የሚመጣው ነው። ግን ያው ከ15 የመጣው ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹ ንቁ ጂን የለውም። ትልቁ ደግሞ ከፕራደር ዊሊና ከአንጀልማን በሽታዎች ጋር የሚያያዘውን ክፍል ይዞ ይመጣና የሚጥል በሽታ፣ የእድገት መዘግየትና ኦቲዝም ሊያስከትል ይችላል። ከ22ኛው የሚመጣም አንዳንዱ ዓይንን፣ ልብንና ፊንጢጣን የሚነካ ችግር ያመጣል። ስለዚህ «ማርከር ምንም አይደለም» ብሎ የሚያጽናናችሁም፣ «ማርከር አለበት፣ አለቀ» የሚላችሁም ጆንያውን ሳይፈታ ነው የሚናገረው።

ለመፍታት ሁለት ምርመራ አለ። አንዱ ፊሽ ይባላል። የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት ቁራጭ ዘረመል ይጨመርና የየትኛው ክሮሞዞም ዘመድ እንደሆነ ይታያል። ሁለተኛው ማይክሮአሬይ ነው። እሱ ትርፍ የሆነ ጂን ካለ ይለካል። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ማርከር ያለበት ሰው ማይክሮአሬይ ተሠርቶለት «ምንም አልተገኘም» ሊባል ይችላል። ላብራቶሪው ተሳሳተ ማለት አይደለም። ማይክሮአሬይ ተደጋጋሚውን ክፍል አያየውም። ማርከሩ በሁሉም ሴል ወይም በአብዛኛው ውስጥ ካለ፣ «አልተገኘም» ማለት ንቁ ጂን የለበትም ማለት ነው። የምሥራች ነው! በጥቂት ሴሎች ብቻ ካለ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ በስንት ሴል ውስጥ እንደተገኘ ጠይቁ። ናሙናው ወደ ውጭ ሀገር ነው የተላከልን። ዋጋው ከባድ ነው፤ ባለቤቴ የዕቁብ ዕጣዋን አስቀድማ ባትወስድ ኖሮ አይሆንም ነበር።

ምንም ያህል ገንዘብ የማይፈጀው ግን ከሁሉም የበለጠ የሚያስረዳው ሌላ ነበር። የወላጆቼ ደም። ጤነኛ አባት ወይም ጤነኛ እናት ላይ ያው ማርከር ከተገኘ፣ ያ ቁራጭ አንድ ሰው ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ ምንም እንዳላደረገ በዓይን ታየ ማለት ነው። ከማርከሮች ሲሶ ያህሉ ከወላጅ የሚወረሱ ናቸው። የቀሩት አዲስ የሚፈጠሩ ናቸው።

እናቴ ወዲያው እሺ አለች። አባቴ ላይ ነው ሥራው። ሐይቅ ድረስ ሄጄ፣ ሁለተኛው ቡና እስኪቀርብ ጠብቄ ነው የጀመርኩት።

«አባ፣ ደም እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት።»

«ታምሜ አላውቅ። ከእኔ ምን ያገኛሉ?»

«ታመው ስለማያውቁ ነው የምፈልግዎት።»

ይሄ አልገባቸውም። ሐኪም ጤነኛ ሰው ምን ያደርግለታል? ብዙ ዝም አሉና ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጅ ያጣኸው በእኔ ነው?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። ወላጅ እንዲመረመር ስትጠይቁ የሚሰማው ይሄ ነው። ጥፋት እየተፈለገበት ይመስለዋል። «ሰባት ልጅ ወልደው በእርስዎ እንዴት ይሆናል?» አልኳቸው። እናቴ ከወዲያ ሆና «አብሽር፣ ልጁ ጤናህ እንዲመሰክርለት ነው የፈለገህ» አለቻቸው። ከእኔ ሁሉ የተሻለ ያስረዳችው እሷ ናት። እሺ አሉ። የአዲስ አበባን መንገድ በሙሉ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወሩ ሄዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጅንና ወላጅን የሚያነጻጽር የዘረመል ምርመራ አንዳንዴ ያልተፈለገ ምስጢር ያወጣል። የሥጋ አባትነት ጉዳይ ሊነሳ ይችላል። ተራው የክሮሞዞም ቆጠራ ይህን አያሳይም፤ ሌሎቹ ግን ሊያሳዩ ይችላሉ። ቤተሰቡን ከማሰባሰባችሁ በፊት ሐኪሙን ለብቻ ጠይቁ።

የአባቴ ውጤት 47 ሆነ። ያው ቁራጭ፣ በተቆጠሩት ሴሎች ሁሉ። አባቴ የ1945 ሰው ናቸው። እሳቸው ሲወለዱ የዓለም ሊቃውንት የሰው ክሮሞዞም 48 ነው ይሉ ነበር። ጆ ሂን ቺዮ እና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ 46 መሆኑን ያሳዩት በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በእኛ 1948 መሆኑ ነው። እንግዲህ ሳይንሱ በትክክል መቁጠር ሳይጀምር አባቴ 47ታቸውን ይዘው ሐይቅ ዳር ድክ ድክ ይሉ ነበር። እስካሁንም ከእኔ ቀድመው ዳገት ይወጣሉ። የፊሽና የማይክሮአሬዩ ውጤት በኋላ ሲመጣ ቁራጩ ከ15ኛው መሆኑንና ንቁ ጂን እንደሌለበት አረጋገጠ።

ታዲያ የስፐርሙ ነገርስ? ማርከር በአንዳንድ ወንዶች ላይ የስፐርም አመራረትን ሊያውክ ይችላል። ለዚህም ነው ልጅ በዘገየባቸው ወንዶች ላይ በብዛት የሚገኘው። እኔም ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ ነበር። ግን አባቴ በዚያው ማርከር ሰባት ወልደዋል። ሐኪሙ ቁጭ አድርገው እንደገና መረመሩኝ። የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ፣ ቫሪኮሲል የሚሉት፣ ተገኘብኝ። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ላይ አለ። ማንም ቀድሞ አልነካኝም ነበር፤ ሁሉም ወረቀት ነበር የሚያየው። አንድ እንግዳ ነገር ሲገኝ ሰው ሌላ መፈለግ ያቆማል። ሐኪምም እንደዚያው ነው። ክሮሞዞም ላይ የሆነ ነገር ተገኘ ተብሎ የአካል ምርመራው፣ ሆርሞኑ፣ ስለ ሲጋራና ስለ ጫት የሚጠየቀው ጥያቄ መቅረት የለበትም። ጂም ቤት የሚወጉት ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንም ስፐርም ያጠፋል። እኔ አልወጋም፤ ግን ፋብሪካችን ውስጥ የሚወጋ ልጅ ስላለ ነው የጻፍኩት።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነበር። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ወደ 3 ወር ስለሚፈጅ ለውጡ በአንድ ሳምንት አይታይም። ቁጥሬ ከፍ ብሏል፤ ልጅ ገና አልመጣም። ማርከሩ ምንም ድርሻ የለውም ብሎ የማለልኝም ሐኪም የለም።

ልጅ ቢመጣስ? በእያንዳንዱ እርግዝና ማርከሩን የማውረስ ዕድሌ ቢበዛ ግማሽ በግማሽ ነው። ከወረሰ እንደ እኔና እንደ አያቱ ይሆናል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ለማወቅ ከፈለግን ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእንግዴ ልጅ፣ ከ15ኛው በኋላ ደግሞ ከሽርት ውሃ ናሙና ይወሰዳል። ሁለቱም ትንሽ የውርጃ ሥጋት አላቸው። እኛ ከሐኪሙ ጋር ተመካክረን ለዚህ ማርከር ሲባል ብቻ መርፌ አናስገባም ብለናል። የእኛ ምርጫ ነው። ማርከሩ ወላጅ ላይ ሳይኖር ፅንስ ላይ አዲስ ለተገኘበት ሰው ሁኔታው ሌላ ነው። እሱ ፊሹንም፣ ማይክሮአሬዩንም፣ የልጁን አካል በዝርዝር የሚያይ አልትራሳውንድም ይፈልጋል። ሁለቱ ትክክለኛ ጥንድ ክሮሞዞሞች ከአንድ ወላጅ ብቻ እንዳልመጡም መጣራት አለበት፤ በተለይ ከ15 ከሆነ። ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ስለ እርግዝናው አትወስኑ።

ሰፈር ውስጥ «ዘመዳሞች ስለሆናችሁ ነው» ያለን ሰው ነበር። አይደለንም፤ ብንሆንም ማርከር በዚያ አይመጣም። የሥጋ ዝምድና የሚያሳስበው አባትም እናትም ተደብቆ የቆየውን አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ሲያወርሱ ለሚመጣ በሽታ ነው። የማርከር መንገድ ሌላ ነው።

የቀረው የወንድሞቼና የእህቶቼ ነገር ነው። ለእያንዳንዳቸውም የመውረስ ዕድሉ ቢበዛ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት ልጅ ያላት እህቴ «አሁን ባውቀው ምን ይጨምርልኛል?» ብላ አልተመረመረችም። ልክ ናት። የእኔን ውጤት ግን ስልኳ ላይ ፎቶ አንስታ ይዛለች። ለሌላ እርግዝና ምርመራ ቢሠራላትና ማርከር ቢገኝ ለሐኪሙ ታሳየዋለች። ሪያድ ያለው ወንድሜ የቤተሰቡ ዋትሳፕ ላይ እንዳታወሩት ብሎናል፤ እጮኛው አለች። ለብቻው ደወልኩለትና ስፐርሙን ቀድሞ እንዲመረምር ነገርኩት። ኮፒም አዘጋጅቼለታለሁ። ሪፖርቱ ሙሉ ነው፣ የፊሹም የማይክሮአሬዩም ገጾች አሉበት። «47» የሚለውን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻውን ለማንም አልልክም።